ካሳው ይዝራ፣ እኛ እንይ

በፎገራ ሜዳ አንዲት ቀበሌ ውስጥ፣ ስብሰባ ላይ ሰው ተነስቶ «እስቲ መጀመሪያ አንዱ ይሞክረውና እንየው» ካለ፣ ከኋላ አንድ አጭር ተረት ይወረወርለታል፤ ያ ሰው ይቀመጣል። ወጣቶቹ ተረቱ ከአያት ቅድመ አያት የመጣ ይመስላቸዋል። የለም፤ ስድስት ዓመቱ ነው። መነሻውን የማውቀው ተረቱ የወጣበት ሩዝ የእኔ ስለነበረ ነው። ባላውቀው ደስ ባለኝ።

ሥራዬ ሩዝ ማዳቀል ነው። የዚያ አገር ሩዝ የሰማይ ውሃ ብቻ ጠባቂ ነው፤ ዝናቡ መስከረም ላይ ቀጥ ካለ ፍሬው ሳይሞላ ይቀራል። ሰባት ዓመት ሙሉ ዘር ከዘር ሳዳቅል፣ ውሃ ስነፍገው፣ የጠወለገውን ስነቅል፣ የቆመውን ሳስቀር ኖሬ በመጨረሻ ጥም የሚችል፣ ከሌላው ሦስት ሳምንት ቀድሞ የሚደርስ አንድ ዘር አገኘሁ። ጸጉሬ የሸበተው እዚያ ማሳ ላይ ነው።

ማሳቸው ኩታ ገጠም ለሆነ አሥር ገበሬዎች አሥር ከረጢት ዘር በፈረስ ጋሪ ጭኜ ሄድኩ። ሁለት ዓመት ዝናብ የከዳቸው ሰዎች ናቸውና የሚሻሙኝ መስሎኝ ነበር።

ሽማግሌያቸው አያ ስማቸው አንዷን ፍሬ በጥርሳቸው ነከስ አድርገው አዩ። «ልጄ፣ ክፉ አይመስልም። ግን እባብ ያየ በልጥ በረየ። ባለፈው ምርጥ ዘር ብለው የሰጡን ሳይበቅል ቀረ። ካሳው ይዝራ፣ እኛ እንይ። ካማረ ለከርሞ ሁላችንም እንዘራለን» አሉኝ።

«አባቴ፣ አብራችሁ ብትዘሩት አብሮ ይደርሳል፤ ወፉንም ተጋግዛችሁ ትጠብቃላችሁ» አልኳቸው። ሰው ማሳመን ግን ያኔ ሰልችቶኝ ነበር፤ አልገፋሁበትም።

ካሳው ከአሥሩ አንዱ ነው፤ አንዲት ጥማድ መሬት ይዞ አምስት ልጅ የሚያበላ ሰው ነው። «ግድ የለም ጋሼ፣ እኔ ልዝራው። ከባዶ አይብስም» አለ። በዚሁ ተስማማን። ዘጠኙን ከረጢት መልሼ ጫንኩ። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው።

ዝናቡ መስከረም እንደጠባ ቀረ። መሬቱ ተሰነጣጠቀ፤ የጎረቤቶቹ ሩዝ ገና ሊያዘረዝር ሲል ጥም ያዘው። የካሳው ሞልቶ አንገቱን ደፍቷል። ደወለልኝ። «ጋሼ፣ ዘንድሮስ ልጆቼ ሊጠግቡ ነው» አለኝ። በሰባት ዓመት ውስጥ እንደዚያ ቀን ደስ ብሎኝ አያውቅም።

በሦስተኛው ቀን የግሪሳ ወፍ መንጋ መጣ። በሜዳው ሁሉ ፍሬ የያዘው የካሳው ማሳ ብቻ ነውና ያገሩ ወፍ በሙሉ እዚያ ወረደ። ካሳውና ሚስቱ ትሁኔ ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ ሲያስጮኹ ዋሉ። ከአንዱ ጥግ ሲያባርሩት በሌላው ይሰፍራል። ትሁኔ ጎረቤት ለጎረቤት ዞራ ሰው ለመነች። «እኛም ሩዛችን እየሞተብን ውሃ በባልዲ እያመላለስን ነው፤ የኛም ሲደርስ በወንፈል እንጠብቃለን» አሏት። ውሸታቸውን አልነበረም።

እኔ ስደርስ ፍሬው አልቋል። ትሁኔ ከጩኸቱ ብዛት ድምጿ ተዘግቷል። ካሳው የተራገፈውን ዛላ በእጁ ይዞ «ጋሼ፣ ምን ላብላቸው?» አለኝ።

ጎረቤቶቹም መጡ። ያ ሁሉ ባልዲ ውሃ ምንም አልፈየደላቸውም፤ ሩዛቸው ነጥቶ ያለ ፍሬ ቆሟል። አንደኛው «አየህ፣ ይኼም ዘር አልሆነም» አለኝ። ለመቆጣት እንኳ አቅም አጣሁ።

አያ ስማቸው ናቸው የመለሱለት። «ዘሩን አትማው፤ እሱስ የተባለለትን አድርጓል። አንድ ሰው አስቀድሜ አሥር ቤት ያስራብኩ እኔ ነኝ» አሉ። ከዚያ ካሳው አጠገብ መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና ፊቱን ማየት አቅቷቸው፣ ዓይናቸውን ማሳው ላይ እንደተከሉ እንዲህ አሉ፦ «ብቻውን የደረሰ አዝመራ፣ ለግሪሳ እንጀራ።»