ደህና ነኝ ያለው ድንጋይ ጠራቢ

አንድ ድንጋይ ጠራቢ ነበር፤ ስሙ ዘርጋው ይባላል። ሃያ ሁለት ዓመት ለመንግሥት ሕንፃዎች ድንጋይ ሲጠርብ ኖሮ አንድ ቀን ከመወጣጫው ላይ ወደቀ። አጥንቱ ገጠመ፤ ቀኝ እጁ ግን ከትከሻው ጀምሮ እንደዛለ ቀረ። መዶሻ ማንሳት ይቅርና የሸሚዙን ቁልፍ እንኳ የምትቆልፍለት ሚስቱ አያልነሽ ነበረች።

ሕጉ መሥራት ላቃተው ሠራተኛ የጤና ጉድለት ጡረታ ይፈቅዳል። ዘርጋውም አመልክቶ ከሐኪሞች ቦርድ ፊት ቀረበ። ታዲያ ኩሩ ሰው አይደል? ጢሙን ተላጭቶ፣ የሠርግ ኮቱን ለብሶ፣ ቀጥ ብሎ ገባ። ሰብሳቢው ሐኪም ሊጨብጠው እጁን ሲዘረጋ፣ ዘርጋው የዛለ ቀኙን በግራ እጁ ከክርኑ ሥር ደግፎ አነሳና ጨበጠው። ሐኪሙ አክብሮት መሰለው። ጨዋ ሰው ሲጨብጥ እንዲሁ አይደል የሚያደርገው!

«እንዴት ነዎት ጋሼ?» አለ ሐኪሙ።

«ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን።»

«እጅዎስ?»

«ምን ይላል ብለው ነው! ተመስገን ነው።»

በር ላይ ብዙ ሰው ተሰልፎ ነበርና ሐኪሙ ቸኮለ። መቸኮሉ ጥፋት ነው፤ እኔ አላመካኝለትም። «ለሥራ ብቁ ነው» ብሎ ፈረመ።

በሳምንቱ ደብዳቤ መጣ። ዘርጋው ወይ ሥራው ላይ ይገኝ፣ ወይ በቀነ ገደቡ ይግባኝ ይበል፤ አለዚያ ሥራውንም ጡረታውንም ያጣል።

«እንዴት አይታያቸውም?» ብሎ ተቆጣ።

«በምን ይታያቸው?» አለች አያልነሽ። «ደህና ነኝ ያልካቸው አንተው! ሰላምታ ሌላ፣ ምስክርነት ሌላ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ሲባል አልሰማህም?»

«ሄጄ ልለምን ነው የምትይኝ?»

«ሃያ ሁለት ዓመት የለፋህበትን መጠየቅ ከመቼ ወዲህ ነው ልመና የሆነው?»

ዘርጋውም በማግስቱ ይግባኙን አስጻፈ፤ በቀጠሮውም ዕለት እዚያው ሐኪም ፊት ቆመ። ሐኪሙ እንደ ልማዱ እጁን ዘረጋ። ዘርጋው ግን አልተነቃነቀም።

«ምነው ጋሼ፣ አይጨብጡኝም? ተቀይመውኛል እንዴ?»

«አልችልም» አለ ዘርጋው። «ባለፈው ቀኜን በግራዬ ተሸክሜ ነው የጨበጥኩዎት። ደህና ነኝ ያልኩዎትም ለሰላምታ ያህል ነው። እግዚአብሔር ይመስገን፤ ደህና ግን አይደለሁም። መዶሻ ማንሳት አልችልም። ይመርምሩኝ።»

ሐኪሙ የዘረጋውን እጁን መለሰ። አፈረ። ከወንበሩ ተነስቶ የዘርጋውን ኮት በገዛ እጁ አወለቀለትና ትከሻውን ይመረምር ጀመር። ጡረታውም ተፈቀደ።

ወገኖቼ፣ ተመስገን ማለት መልካም ነው፤ መብት ሲጠየቅ ግን ጉዳትን ሳያፍሩ መናገር ይገባል። ኩራታችን የሸፈነውን ሌላ ሰው እንዲያይልን መጠበቅ ራስን መበደል ነው። እናንተስ ዛሬ «ደህና ነኝ» ስትሉ፣ በግራ እጃችሁ ደግፋችሁ የያዛችሁት ምን ይሆን?