ቅሉን የመታው ጠመንጃ

አንድ ሰው ነበር አሉ፣ ጣና ዳር የሚኖር። ይህን የነገሩኝ አባቴ ናቸው፤ የሰውየውን ስም ግን አልነገሩኝም፣ እኔም አልጠየቅሁም። ጠመንጃ ነበረው። የዛሬውን ዓይነት እንዳይመስላችሁ! በአፈሙዙ የሚጎርስ፣ የዱሮ ጠመንጃ ነው። ባሩዱን በአፉ ታፈስሳለህ፣ የእርሳስ አረሩን በጨርቅ ጠቅልለህ ታስከትላለህ፣ በዘንግ ትጠቀጥቃለህ። ከኋላ በኩል ደግሞ እሳት የምታስገባ ቀዳዳ አለች። እሷ ላይ ሲመቱት እሳት የሚተፋ ትንሽ የመዳብ ቆብ ትደፋለህ። ቃታውን ስትስብ መዶሻው ቆቡን ይመታል፣ እሳቱ በቀዳዳዋ ይገባል፣ ከዚያማ ዷ! ነው።

አንተ እዚያ ጥግ ያለኸው፣ ስልክህን አስቀምጥና ስማ። ላንተም ነው የምሰብከው።

ይህ ሰው ጠመንጃውን ለጌጥ አልያዘውም። በዚያ ዓመት አንዲት ግልገል የወለደች ጉማሬ አገሩን አስጨንቃ ነበር። ሁለት ታንኳ ገልብጣ አንድ ሰው ገድላለች። ሰውየው ደግሞ ጥላዬ የሚባል ታናሽ ወንድም አለው፤ እናት አባታቸው ሞተው ያሳደገው እሱ ነው። ጥላዬ በየሳምንቱ በዚያ ውሃ ላይ እንጨት ያሻግራል፤ እንጀራው ነዋ! ስለዚህ ያ ጠመንጃ የተያዘው ለጥላዬ ነፍስ ነው።

ታዲያ ሰውየው ሰነፍ ነበር? በፍጹም! በየሐሙሱ አውድማው ላይ ወጥቶ ዛፍ ላይ ቅል ይሰቅላል። አንድ ስፍር ባሩድ ያጎርሳል፤ አረሩ ዝቅ ይላል። ሁለት ስፍር ያደርጋል፤ ይቀርባል። ሁለት ስፍር ተኩል ሲያደርግ ቅሉ ብትንትን! ደግሞ ጨርቁን ይቀያይራል፤ ቀጭኑን፣ ወፍራሙን፣ ሞራ የተቀባውን። ውሃ እንዳያስገባ ብሎም የቆቡን ዙሪያ በሰም ይለስነዋል። ሰው ይሰበሰባል፣ ሴቶቹ እልል ይላሉ፣ እሱም ደረቱን ነፍቶ ወደ ቤቱ ይገባል።

አንድ ቀን ጥላዬ ጠጋ ብሎ፣ «አያ፣ ሁልጊዜ ፀሐይ ላይ ነው የምትሞክረው። ጉማሬዋ ያለችው እኮ ውሃ ውስጥ ነው። እስኪ አጉርሰህ፣ ሰሙን ለስነህ፣ አንድ ሌሊት ታንኳዬ ላይ አሳድረው። ጠዋት ሰው ፊት ተኩሰህ እንየው» አለው።

ሰውየው ቱግ አለ። «ባሩድ ከሜዳ የሚታፈስ መሰለህ? አንተን ብሎ የጠመንጃ ሊቅ! ይልቅ እንጨትህን ጫን!»

ባሩዱ ነው ያሳሰበው? አይደለም! ቢከሽፍስ? ያ ሁሉ ሰው ቆሞ እያየ «ቀጭ» ብሎ ቢቀርስ? ማፈሩን ፈራ። ከሽፎ ከማየት፣ ሳያውቅ መቅረትን መረጠ።

ሐምሌ ገባ። ጥላዬ እንጨቱን ጭኖ ተነሣ፤ ሰውየውም ጠመንጃውን ይዞ በሌላ ታንኳ ተከተለው። ከማለዳው ጀምሮ ያካፋል። መሃል ሲደርሱ ጉማሬዋ ከሥር ብድግ አለችና የጥላዬን ታንኳ ገለበጠችው። ጥላዬ ከውሃው ብቅ ብሎ ታንኳው የተሠራበትን ደንገል ጨበጠ። «አያ! በላት! አያ!» ብሎ ጮኸ።

ጉማሬዋ አሥር ክንድ ብትርቅ ነው። እንኳን ቅል የሚመታ ሰው፣ ልጅም አይስታትም። አነጣጠረ። ቃታውን ሳበ።

ቀጭ።

ሰሙ ዳር ላይ ተሰንጥቆ ነበር፤ ክር የምታህል ስንጥቅ። እርጥበቱ በእሷ ገብቶ ባሩዱን አበላሽቶታል። ሌላ ቆብ ደፋ፤ አሁንም ቀጭ። ሦስተኛውን ሲደፋ፣ የጥላዬ ድምፅ ጠፋ።

ሬሳውን በሦስተኛው ቀን አገኙት።

ከቀብር መልስ ሰውየው ከለቀስተኛው ተነጥሎ አውድማው ላይ ወጣ። ዝናቡ አባርቷል። ጠመንጃውን ወለወለ፣ ደረቅ ባሩድ አጎረሰ፣ ያችኑ ሁለት ስፍር ተኩል። ቅሉን ሰቀለና ተኮሰ። ዷ! ቅሉ ብትንትን! ለቀስተኛው ደንግጦ ሲሮጥ ቢመጣ፣ ሰውየው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ፊቱን እየቧጠጠ፣ «ይሠራል እኮ! ኧረ ይሠራል እኮ!» ይላል።

ወገኖቼ፣ እኛስ? ፍቅራችሁን የት ነው የሞከራችሁት? ከሚወዳችሁ ሰው ጋር አይደለም? ይቅርታችሁን ለማን ሰጣችሁ? ላልበደላችሁ! እምነታችሁንስ? ልጆቹ ጤና ሆነው፣ ጓዳው ሞልቶ፣ ደመናም ሳይታይ! ቅል ነው እኮ የምንመታው! እልል ይባልልናል፣ እኛም አምነን እንተኛለን።

እናንተን ብቻ የምቆጣ እንዳይመስላችሁ። ባለፈው ማክሰኞ አንዲት የንስሐ ልጄ ቤት ሄጄ ነበር። የአራት ዓመት ልጇን የቀበረች ናት፤ ስሟን አልጠራም። «አባ፣ ከእንግዲህ እንዴት ብዬ ነው የምኖረው?» አለችኝ። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ እዚህ ቆሜ ስለ መጽናናት አስተምሬያለሁ፤ አንዳንዶቻችሁ አልቅሳችሁልኛል። አፌን ከፈትኩ። ምንም አልወጣም። ቀጭ። የሰጠችኝን ውሃ ጠጥቼ ወጣሁ። በር ድረስ ሸኘችኝ። «አይዞዎት አባ» አለችኝ። እሷ! እኔን!

ከዚያ ወዲህ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። ዛሬ «አይዟችሁ» ብዬ እንዳሰናብታችሁ አትጠብቁ። የሚያጽናና ቃል ቢኖረኝ ኖሮ ማክሰኞ ለእሷ እሰጣት ነበር። ያች ሴት አሁንም ያንን ጥያቄ ይዛ ተቀምጣለች።

አንድ ነገር ብቻ ልለምናችሁ። ከዚህ ስትወጡ ወደ አውድማው አትሂዱ። ያኮረፋችሁት ወንድም አለ አይደል? በሩን አንኳኩ። ዓመት ሙሉ ያልጠየቃችሁት በሽተኛ አለ፤ ሄዳችሁ አጠገቡ ተቀመጡ። ቀጭ ይል ይሆናል። ይበል! ታፍራላችሁ፤ እኔም አፍሬያለሁ። ግን ዛሬ እፈሩ እባካችሁ፣ ጥላዬ ገና ሐይቁ ዳር ላይ ቆሞ ሳለ።