ሦስቱ የዋንዛ ወፎች

አንድ አናጺ ነበር፤ ዘውገ ይባላል። ድሮ በርና አልጋ ይሠራ ነበር። ዕድሜው ገፋ ሲል መላጊያውን ግድግዳ ላይ ሰቀለና እንጨት በሌዘር ጨረር የሚቆርጥ ማሽን ገዛ። ንድፉን የሚያወጣለት ደግሞ ኮምፒውተሩ ላይ የጫነው ሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። "መልአክ" ብሎ ሲጽፍለት መልአክ ይሥልለታል፤ "ኮከብ" ሲለው ኮከብ። ማሽኑም ስሱን እንጨት በሥዕሉ ልክ እየለበለበ ይቆርጠዋል። የገና በዓል ሲቃረብ ሱቁ በዛፍ ጌጥና ስጦታ ላይ በሚንጠለጠሉ ስም የተጻፈባቸው እንጨቶች ይሞላል። ገበያው ደርቶለታል። ሰውየው ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ በዚህ ታሪክ ውስጥ ክፉ ሰው ፈልጋችሁ እንዳትደክሙ ብዬ ነው።

ለገና ጥቂት ቀን ሲቀር አስካለ የምትባል ጥቁር የለበሰች ሴት አንድ የዋንዛ ሳንቃ በነጠላ ጠቅልላ ወደ ሱቁ መጣች። ባሏ የሞተባት በክረምቱ ነው። የጭነት መኪና ሾፌር ነበር፤ ሥዕል የሚባል ነገር አያውቅም። ሕመሙ ጠንቶበት አልጋ ላይ ሳለ ግን አንድ ቀን ሳንቃና ሚስማር አምጪልኝ አላት። ጀርባውን በትራስ አስደግፎ ለሦስት ልጆቹ ሦስት ወፍ ይጭር ጀመር። የመጀመሪያዋ ደህና ወጣች። የሁለተኛዋ አንገት ከልክ በላይ ረዘመ። ሦስተኛዋን፣ የትንሿ ልጁን ወፍ፣ ሲጭር እጁ ይንቀጠቀጥ ስለነበር አንድ ክንፏ ተንጋዶ ቀረ። ለልጆቹ አላሳያቸውም። ለገና ቆርጬ፣ ቀለም ቀብቼ እሰጣችኋለሁ ብሎ ቃል ገባላቸው፤ ሞት ቀደመው። አስካለም ከዚያ ወዲህ ሳንቃውን ለማየት አንጀቷ ስላልቻለ ጠቅልላ አስቀምጣው ነበር።

ይህን ሁሉ ለአናጺው አልነገረችውም። ኀዘን አፍ ያስራል፤ ሱቁም በሰው ተጨናንቆ ነበር። ያለችው ይህን ብቻ ነው፦

"ወንድሜ፣ ከዚህ ሳንቃ ላይ ሦስት ወፎች ቁረጥልኝ። ባለቤቴ ለልጆቹ ያሰባቸው ናቸው።"

ዘውገ እሺ እህቴ፣ አታስቢ ብሎ ሸኛት። ጥቁር ልብሷን አይቶ አዝኖላት ስለነበር ዋጋ ላይጠይቃት፣ ሥራውንም ከሁሉ አሳምሮ ሊሠራላት ለራሱ ቃል ገባ። ነጠላውን ሲፈታ የሚስማር ጭረት አየ። ወፍ እንደሚመስልም አይቷል። ግን ሴትየዋ የምትፈልገውን ለማሳየት በእጇ የሞነጫጨረችው መሰለው። ለአናጺ ደግሞ ሳንቃ ላይ ያለ ጭረት ጉዳት ነው። በዚያ ላይ ማሽኑ ወፍራም እንጨት አይቆርጥም። ስለዚህ የሰቀለውን መላጊያ አውርዶ ሳንቃውን እስኪሳሳ ላገው፤ በብርጭቆ ወረቀትም ፈግፍጎ አለሰለሰው። ፍቅፋቂውን አንዲት ጎረቤት ለእሳት ማቀጣጠያ ወሰደችው። ከዚያ ኮምፒውተሩን "ሦስት እጅግ የሚያማምሩ ወፎች" ብሎ ጠየቀው። ኮምፒውተሩም ሰጠው። ላባቸው አንድ በአንድ የተቆጠረ፣ ክንፋቸው ግራና ቀኙ የተስተካከለ፣ ለዓይን የሚያሳሱ ወፎች ነበሩ። ንድፉ በጣም ስላማረው ከሌላ እንጨት ብዙ ቆርጦ ሱቁ ውስጥ ሰቀለ። በዚያው ቀን ተሸጠው አለቁ።

አስካለ ስትመለስ ወፎቹን ተቀብላ አገላበጠቻቸው። ደጋግማ አገላበጠቻቸው።

"የእጁ ጭረት የታለ?" አለችው።

ዘውገ አልገባውም ነበር። ሳንቃው ተበላሽቶ ስለነበር ልጌ አስተካከልኩልሽ አላት፤ ኩራትም ነበረበት። ያን ጊዜ ነው አስካለ ሁሉንም የነገረችው። የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል፤ አናጺው ያፈሰሰው ግን የሚለቀም አልነበረም። ብትጮህበት፣ ብትረግመው ይሻለው ነበር። እሷ ግን አይዞህ፣ ለደግ ብለህ ነው ብላው ወጣች። በዚህ ንግግሯ እስከ ዛሬ ልቡ ይደማል።

በገና ዕለት ልጆቹ ወፎቻቸውን ተቀበሉ። አባታችን እንዲህ ጎበዝ ኖሯል እያሉ ተገረሙ፤ ላባውን በጣታቸው እየዳሰሱ በመካከላቸውም ተከራከሩ፣ የኔዋ ትበልጣለች፣ የለም የኔዋ። አስካለ እውነቱን ልትናገር አስባ ነበር። ከቀብሩ ወዲህ ሲስቁ ያየቻቸው ግን ያን ቀን ስለነበር፣ አዎ፣ ጎበዝ ነበር አለቻቸው።

ትንሿ ልጅ ማንጠግቦሽ ወፏን ለጓደኛዋ ልታሳይ ወደ ጎረቤት ሄደች። ብዙም አልቆየች። ስትመለስ ወፏን በጀርባዋ ደብቃ ነበር።

"እማዬ፣ አባዬ ለነሱም ሠርቶላቸዋል እንዴ? እዚያም ቤት ልክ እንደዚች ያለች ወፍ አለች። ስጦታቸው ላይ ታስራለች።"

አስካለ ልጅቷን ጭኗ ላይ አስቀመጠቻትና እውነቱን ነገረቻት። ስለ ሚስማሩ፣ ስለ ትራሱ፣ ስለሚንቀጠቀጠው እጅ ነገረቻት። አባትሽ የጫራት ወፍ እንደዚች አታምርም ነበር፣ ክንፏ ተንጋዶ ነበር አለቻት። ማንጠግቦሽ አላለቀሰችም። ከሰል አምጥታ እናቷ እጅ ላይ አስቀመጠች።

"እንግዲያው የሱን ወፍ ሣዪልኝ። የትኛው ክንፏ ነው የተንጋደደው?"

አስካለ ከሰሉን ይዛ ወደ ግድግዳው ዞረች። ግራው ነው ልትል አፏን ከፈተች፤ ቀኙም መሰላት። ዓይኗን ጨፈነች። የታያት ግን ያች ላባዋ የተቆጠረው፣ ክንፏ የተስተካከለው የሱቅ ወፍ ብቻ ነበረች። የባሏ ወፍ ጠፍታባታለች። ልጅቷም አባቷን ለሁለተኛ ጊዜ አጣች።

ወዳጆቼ፣ ማሽኑን አትርገሙት። ሦስት ወፍ ተጠየቀ፣ ሦስት ወፍ ሰጠ። የጎደለው፣ ይህን የጫረው ማን ነው ብሎ መጠየቅ ነበር፤ ይህን መጠየቅ የነበረበት ደግሞ ማሽኑ ሳይሆን ሰው ነው። ሳይጠይቁ የሚሠሩት ደግነት እንደ ክፋት ያጠፋል፤ አድራጊውን ግን ለመውቀስ እንኳ አይመችም። ያማረ ነገር በየሱቁ ሞልቷል፣ ዘንድሮ ቢያልቅ ለከርሞ ይመጣል። የምንወደው ሰው እጅ ያረፈበት ነገር ግን፣ ቢንጋደድም፣ ቢያስጠላም፣ ያለው አንድ ብቻ ነው። እስቲ ቤታችሁን ዞር ብላችሁ እዩት፤ ለማሳመር ብላችሁ ልትፍቁት ያሰባችሁት ጭረት የማን ነው?