አርባ እፍኝ አሸዋ

አንድ ነጋዴ ነበረ። የደጋ ሰው ነው፤ አሞሌ ጨው ለማምጣት ከጓደኞቹ ጋር ወደ በረሃ ይወርድ ነበር።

ቆይ፣ አታቋርጠኝ ይመር። ጥያቄህ ገብቶኛል። እናትህ ከሞተች ወዲህ የተወለድክበትን ቤት ከረገጥክ አሥራ ስምንት ዓመት ሆነህ። እህትህ ሩቂያ «ና፣ ዓይንህን ልየው» እያለች ባገኘችው ገበያተኛ ሁሉ ትልክብሃለች። አንተ ደግሞ እዚህ መጥተህ፣ «ሼሆች፣ ሄጄ ቤቱን ተለውጦ ካገኘሁት በልቤ ያለውም ይጠፋብኛል። ልሂድ ወይስ እንደናፈቅሁ ልኑር?» ትለኛለህ። ይህ ፈትዋ የሚሰጥበት ነገር አይደለም። ስለዚህ የዚያን ነጋዴ ነገር ልንገርህ።

ያን ጊዜ ገና የሃያ ዓመት ጎረምሳ ነበር። በረሃው መካከል ውሃ አለቀባቸው። ሁለት ቀን ምላሱ ከላንቃው ተጣብቆ ሄደ። በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ ከአሸዋው መካከል የዘንባባ ዛፎች ብቅ አሉ። በጥም የደከመ ሰው ዓይኑን አያምንም፤ እሱም አላመነም። ሲጠጋ ግን እውነትም ምንጭ አለች። ከምንጯ ከፍ ብሎ የጥንት ሰዎች የካቡት ቤት ፍርስራሽ ይታያል፤ አንዳንዱ ድንጋይ ላይ ግመልና ጋሻ የያዘ ሰው ተቀርጾበታል። ከዛፎቹ ጥላ ሥር የሰፈሩ ቤተሰቦች ፍየሎች ተኝተዋል።

ሮጦ ሊጠጣ ሲደፋ አንድ ሽማግሌ ክንዱን ያዘውና በቅል አንድ ጉንጭ ውሃ ሰጠው። ምላሱን አራሰ፤ በቃ። የዚያ ቦታ ደንብ እንዲህ ነው፦ እንግዳ ሲመጣ ነፍስ የሚያቆይ አንድ ጉንጭ ይሰጠዋል፤ ጠግቦ የሚጠጣው ግን አርባ እፍኝ አሸዋ ከምንጯ ካወጣ በኋላ ነው። ባላባትም ይሁን ባሪያ ከዚህ አያመልጥም።

ነጋዴው ተቆጣ። «በጥም የሚሞተውን ሰው አሸዋ ታስዝቃላችሁ? ምን ዓይነት ጨካኞች ናችሁ!» አለ። አንተም ተቆጥተህለታል መሰለኝ፣ ፊትህ ይናገራል።

ሽማግሌው ግን፣ «ነፋሱ ቀንም ሌትም አሸዋ ያመጣል፤ አይደክመውም። አሁን የምትጠጣውን ትናንት ያለፈ መንገደኛ አውጥቶልህ ሄዷል። አንተ ደግሞ ለነገው ታወጣለህ» አለው።

አወጣ። ጠጣም። ከጓደኞቹ ጋር ሦስት ቀን እዚያው ሰነበተ። ሽማግሌው ድንጋዮቹን በምርኩዙ እየነካ ታሪካቸውን አጫወተው፤ እነማን እንደካቧቸው፣ ደም የተቃቡ ሁለት ጎሣዎች እዚያች ውሃ ዳር እንዴት እንደታረቁ። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ከዛፎቹ ማዶ ያለው የጨው ሜዳ ቀላ ይልና ዓይን እስከሚደርስ ይዘረጋል። ነጋዴው ሲሄድ ሦስት ጊዜ ዞሮ አየ። «እመለሳለሁ» ብሎ ለሽማግሌው ቃል ሰጠ።

አገሩ ገብቶ ከበረ። አገባ፣ ወለደ፣ ጨው መሸከሙንም ለሌሎች ተወ። በደጋው ውሃ ሞልቶ ይፈሳል፤ እሱ ግን ዋንጫ ባነሳ ቁጥር ያችን ምንጭ ያስባል። ሚስቱ፣ «አንተ ሰው፣ የኛ ውሃ ምን አነሰው?» ትለዋለች። በየዓመቱ፣ «ዘንድሮስ እወርዳለሁ፤ ለንግድ ሳይሆን ላያት ብቻ» ይላል። ጎረቤቶቹ፣ «ሰው ፈርቶ የሚሸሸውን በረሃ ይህ ሊጎበኝ ነው!» ብለው ይስቁበታል። እሱም ሩቅ አሳቢ ቅርብ አዳሪ ሆኖ በየዓመቱ ይቀራል። ሥራ ስለበዛበት አልነበረም። ፈርቶ ነው። ሽማግሌው ሞቶ ቢሆንስ? ዛፎቹ ተቆርጠው ቢሆንስ? ሄዶ ከሚያዝን እያሰባት መኖርን መረጠ። ናፍቆቱ ግን አልተወውም፤ አንዳንድ ቀን ምግብ እንኳ ይከለክለው ነበር።

አንድ ጊዜ ከበረሃ የተመለሱ ሰዎች፣ «ግመል በዝቶባታል፤ ዳርቻዋ ተረጋግጧል፤ ሽማግሌውም ሞተዋል» አሉት። አሁን ያደረገውን ልብ ብለህ ስማ። በእኛ በደጋው ምንጭ የሚያበላሸው የከብት እግር ነው። ስለዚህ በእሾህ እናጥረዋለን፤ ደግ እናደርጋለን፣ ውሃው ጥርት ብሎ ይቆየናል። እሱም የደጋ ሰው አይደል? የቦታውን ባላባት አስፈቅዶ፣ ግንበኞች ልኮ ምንጯን ዙሪያዋን በድንጋይ አሳጠራት። በር አስገጥሞ አስቆለፈ፤ ቁልፉንም አስመጣ። «እኔ እስክመጣ ማንም እንዳይነካት፤ እንደተውኳት ላግኛት» አለ። ክፋት አልነበረበትም። በጣም ስለወደዳት ነው።

ባለ ግመሎቹ በሩ ተዘግቶ ሲያገኙት አዝነው ወደ ሌላ ውሃ ዞሩ፤ የሁለት ቀን መንገድ ተጨመረባቸው። ከዛፎቹ ሥር የነበሩት ቤተሰቦችም ፍየሎቻቸውን እየነዱ ሄዱ።

ስድስት ዓመት አለፈ። ነጋዴው ታመመ። ሞቱ እንደቀረበ ሲያውቅ፣ «ያን ውሃ አንድ ጊዜ ሳልቀምስ አልሞትም» ብሎ ከአልጋው ተነሣ። ልጆቹ እግሩ ላይ ወድቀው ቢለምኑት እምቢ አለ። ግመል ላይ ወጥቶ፣ አንድ የበረሃ ሰው መንገድ እየመራው ወረደ። ዘንባባዎቹን ከሩቅ ሲያይ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ቀረብ ሲል ቅርንጫፎቻቸው ደርቀው ቁልቁል ተንጠልጥለዋል።

በሩን በገዛ እጁ ከፈተው። ውስጡ ከዳር እስከ ዳር አሸዋ ነው። አንድ ዱካ እንኳ አልነበረበትም፤ እንዳለውም ማንም አልነካትም።

ተንበረከከ። እየቆጠረ አርባ እፍኝ አወጣ፤ ደረቅ ነው። ሌላ አርባ አወጣ። መንገድ መሪው ትንሽ ቆሞ ሲያየው ቆየና ሽርጡን ሰብስቦ አጠገቡ ተንበረከከ። ከረፋድ እስከ አሥር ሰዓት ሁለቱ ሲዝቁ ዋሉ። ክንድ ያህል ሲወርዱ አሸዋው እርጥብ ሆነ። ነጋዴው ከእርጥቡ አንስቶ ከንፈሩ ላይ አደረገው።

«ውሃዋ ሞታለች?» ብሎ ጠየቀ።

«አልሞተችም ጌታዬ» አለው መንገድ መሪው። «ግን በሁለት ሰው እጅ አትወጣም። የጎደለው የስድስት ዓመት መንገደኛ ነው።»

ነጋዴው በሩን አስነቀለው። ቅጥሩንም አፍርሱት፣ ባለ ግመሎቹንም ጥሩልኝ ብሎ ላከ። ከጊዜ በኋላ ሰው ተመላልሶ ሲያወጣላት ውሃዋ ተመለሰች ይላሉ። እሱ ግን ሳይቀምሳት፣ ወደ አገሩ ሲመለስ መንገድ ላይ ሞተ።

አየህ ይመር፣ አንተም ያደረግከው ይህንኑ ነው። የእናትህን ቤት በልብህ ካብክና ቆለፍክበት፤ ማንም ካልነካው እንደነበረ የሚቆይ መሰለህ። እስቲ ልጠይቅህ፤ እናትህ ስትጠራህ የነበረው ድምፅዋ አሁን ይሰማሃል?

አንገትህን ደፋህ፤ አይሰማህም። አየህ፣ አሸዋው ገብቷል።

አልዋሽህም፣ ቤቱ ተለውጧል። የሣሩ ጣሪያ ቆርቆሮ ሆኗል ብለውኛል፤ ከበሩ ፊት የነበረው ዋርካም ወድቋል። ስትደርስ ልብህ ይሰበራል፤ እንዲያውም ደጃፉ ላይ ቆመህ ባልመጣሁ ትላለህ። ሆኖም ግባ። ቁጭ በልና ሩቂያን አስወራት፤ አንተም አውራላት፤ የረሳኸውን እሷ ታነሳልሃለች፣ የረሳችውን አንተ ታነሳላታለህ።

እሷ ስትስቅ ቁርጥ እናትህን ነው ይላሉ። ሰባ ሊሞላት ነው፤ በዚህ ክረምትም ታማ ነበር አሉ። በል ተነሣ።