ውሻው የሰማው ድምፅ

አንድ ገበሬ ነበረ፣ አክስቴ። በድምፅ የምልክልሽ ፊት ለፊት ስንሆን ስለማታስጨርሺኝ ነው። ትናንት ለቅሶ ቤት፣ በሰው መሃል፣ «የሚስትህ ፅንስ ለምን አይረጋም? ሾተላይ ናት፣ አትፈታትም ወይ?» አልሽኝ። መልሱ ይኸውልሽ።

ሰውዬው ጫካ ዳር ነው የሚኖረው፣ ጅብ የሚርመሰመስበት አገር። ኃይለኛ ውሻ አለው። የጎረቤት በግ ሁሉ ሲበላ የሱ ግልገል እንኳ ተነክቶ አያውቅም። ልጅ ግን የላቸውም። እህቱ ሩቅ አገር ነው ያገባችው፤ «ከልጆቼ አንዱን አሳድጉ» ብላ ላከችላቸው። ልጁ ግማሽ ዘመድ ነው፤ ግማሹ ጠረኑ ግን ውሻው የማያውቀው የአባቱ ቤት ጠረን ነው። ደጅ ቆሞ ሲጣራ ውሻው ዘሎ ወጣበት። ልጁ በመጣበት እግሩ ፈረጠጠ። በዓመቱ ሌላውን ላከች። እሱም እንደዚያው።

ይሄኔ ሰፈርተኛው አፉን ከፈተ። «ሚስትህ ገፊ ናት፣ እግሯ አልቀናም፣ ፍታት።» ሰውዬው መጀመሪያ ሳቀ። ከዚያ መሳቅ ተወ። ይነሳል፣ ይቀመጣል፣ ደጁን ያያል። አንድ ቀን መጥረቢያውን ይዞ ወደ ውሻው ሄደ። ሚስቱ መንገዱ ላይ ቆመች።

«ግደለው። ከዛሬ ጀምሮ ለጅቡ አንተ ልትጮህ ነው?»

«ታዲያ ምን ላድርግ?»

«ልጆቹ ሲመጡ ጓዳ ሆኜ ‹ተው!› ስል ሰምተኸኛል?»

«አልሰማሁም።»

«ውሻውስ በምን ይስማኝ? የሰፈሩ ውሻ ሁሉ ይጮሃል፣ ሰዉም አጥር ላይ ወጥቶ ‹ያዘው!› ይላል።»

ሰውዬው መጥረቢያውን አስቀመጠ። እህቱ የላከችው ሦስተኛውና የመጨረሻው ልጅ የመጣ ዕለት ውሻው አጠገብ ተንበረከከ፣ አንገቱን አቀፈና ጆሮው ሥር «ተው፣ የኛ ነው፣ ተው» ይለው ጀመር። ሰፈሩ በጩኸት ተናውጧል። ውሻው በእጁ ውስጥ ይንቀጠቀጣል፤ ሰውዬው አይለቀውም። ልጁ አንድ እግሩን አስገባ። ውሻው አሸተተው። ጭራውን አልቆላም፤ ግን ተኛ።

እንግዲህ አክስቴ፣ ልጁ ፅንሱ ነው፤ ግማሹ የሚስቴ፣ ግማሹ የኔ፣ ለሰውነቷ ግማሽ ባዳ። ውሻው ከበሽታ የሚጠብቃት የገዛ ሰውነቷ ነው። ሐኪሟ እንዳለችን ሰውነት ውስጥ ዘበኞቹ መልእክት ይላላካሉ፤ አንዱ «ያዘው» ይላል፣ አንዱ «ተው» ይላል። አንዳንድ ሴት ላይ «ያዘው» የሚለው ይበዛና ፅንሱ ሳይረጋ ይወርዳል። የኛም ይሄ ይሁን ሌላ ገና እያጣሩ ነው። እርግማን ግን አይደለም፤ እሷም ምንም አላጠፋች። ውሻው ክፉ ስለሆነ አይደለም፣ ቤቱም ገፊ ስለሆነ አይደለም።

ደግሞ የማታውቂው ነገር አለ። አሁንም ደጃችን ላይ አንድ እንግዳ ቆሟል። ገና ሁለት ወር አልሞላውም። እኔ አንድ ቦታ መቀመጥ አቅቶኛል፣ ሥራ ቦታም ዓይኔ ስልኬ ላይ ነው። እሁድ እመጣለሁ ብለሻል። ነይ፣ ቤትሽ ነው። እንደዚያ ሰፈርተኛ አጥር ላይ ወጥተሽ «ያዘው» የምትይ ከሆነ ግን፣ ቅሪ።