ያላለቀው ርክክብ

ከጋሞ ተራሮች ሥር ባለች አንዲት ትንሽ ከተማ፣ በሆስፒታሉ ግቢ የቅጥር ማስታወቂያ በተለጠፈ ቁጥር የምትጠቀስ አባባል አለች። ሰዉ ከቅድመ አያቶቹ የወረሳት ይመስለዋል። ዕድሜዋ ግን አሥር ዓመት አይሞላም። መነሻዋም አንዲት ሴት «አልፈርምም» ያለችበት ቀን ነው።

ሴትዮዋ ሩሐማ ትባላለች። ቡዳፔስት አምስት ዓመት ተምራ፣ በኮምፒውተር ሳይንስ ሁለተኛ ዲግሪዋን ይዛ ተመለሰች። ከተመለሰች ወዲህ ልቧ አንድ ቦታ አልረጋ አለ። አዲስ አበባ ሦስት መሥሪያ ቤት ተወዳድራ ሦስቱም «የሥራ ልምድ የለሽም» ብለው መልሰዋታል። እዚህ ሆስፒታል ባለሙያ እንደሚፈለግ ስትሰማ ብዙም ሳታምን ማስረጃዋን ላከች፤ አለፈች። ደስታዋ የቆየው ግን እስከ መጀመሪያው ቀን ጠዋት ነው።

ወንበሩ ባዶ አልነበረማ። አንጁሎ የሚባል ሰው ዘጠኝ ዓመት በኮንትራት ሠርቶበታል። መደቡ ቋሚ ሲሆን እሱም ተወዳድሮ ነበር። የማታ ተምሮ የመጀመሪያ ዲግሪውን ባለፈው ዓመት ይዟል፤ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ተፈትኖ ያመጣቸው ሁለት የኔትወርክ ሰርተፍኬቶችም ነበሩት። ማስታወቂያው ግን ለሁለተኛ ዲግሪ ዜሮ ዓመት፣ ለመጀመሪያ ዲግሪ ሁለት ዓመት ልምድ ይጠይቃል፤ የሚቆጠረውም ከምረቃ በኋላ ያለው ብቻ ነው። ዘጠኙ ዓመት አንድ ዓመት ሆኖ አረፈው። ሰርተፍኬቶቹም «ሥልጠና ነው» ተብለው ነጥብ አላገኙም።

ሩሐማ ይህን የሰማችው በር ላይ ከዘበኛው ነው። ስትገባ አንጁሎ ጠረጴዛውን እየወለወለላት ነበር።

«እርስዎ ነዎት አቶ አንጁሎ?»

«አንተ በይኝ። ቀስ ብለሽ ተቀመጪ ደግሞ፤ ይቺ ወንበር አዲስ ሰው ትጥላለች።»

«ተቀይመኸኛል?»

«ምን አድርገሽኝ?» አለ ጨርቁን እያጠፈ። «ሦስት ልጆች ስላሉኝ ትንሽ ደንግጫለሁ እንጂ።»

ርክክቡ የአንድ ሳምንት ነበር። ኮምፒውተሩን፣ ማተሚያውን፣ ቁልፉን አንድ በአንድ እያሳየ አስቆጠራት። ሐሙስ፣ ገበያ ቀን፣ የካርድ ክፍሉ ኮምፒውተሮች በሙሉ ቀጥ አሉ። ሰልፉ በረንዳውን አልፎ ግቢውን ሞላው። አንዲት እናት ትኩሳት የያዘውን ልጇን አቅፋ በመስኮቱ ትመለከታለች።

«ተወኝ፣ እኔ ልሞክር» አለችው ሩሐማ።

ተዋት። የተማረችውን ሁሉ አንድ ሰዓት ሙሉ ሞከረች። በመጨረሻ እጇን ከኮምፒውተሩ ላይ አነሳችና ቀስ ብላ «አላወቅኩትም» አለች።

«ስንት ሰዓት ነው?»

«አራት ተኩል።»

«የቀዶ ሕክምና ዕቃ የሚቀቀልበት ሰዓት ነው። ነይ።»

ኮሪደሩ ጫፍ ላይ፣ ከመቀቀያው ክፍል ጀርባ፣ የኮምፒውተሮቹ መስመሮች ሁሉ የሚገናኙበት የብረት ሳጥን ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። መዳፏን አስነካት፤ በመቀቀያው እንፋሎት ግሎ ይፋጃል። ክዳኑን ከፈተው፣ መስኮቱን ገፋ አደረገው፣ ገመዱን ነቀለና ትንሽ ጠበቀ። መልሳ እንድትሰካው ግን ለእሷ ሰጣት። ካርድ ክፍሉ ነፍስ ዘራ። የዚያች እናት ስምም ወዲያው ተጠራ።

«ይሄ የርክክብ ቅጹ ላይ የለም» አለች ሩሐማ።

«የት ልጻፈው? ቅጹ የእንፋሎት ዓምድ የለውም።»

ዓርብ የሰው ኃይል ኃላፊዋ ወይዘሮ ብርዛፍ ቅጹን በሦስት ቅጂ ይዘው መጡ። ግርጌው ላይ «ሙሉ በሙሉ ተረክቤአለሁ» ይላል። ሩሐማ እስክሪብቶውን ያዘች፤ አነበበች፤ መልሳ አስቀመጠችው።

«አልፈርምም። ያልተረከብኩት አለ።»

ወይዘሮ ብርዛፍ አንጁሎን ገላመጡት። «ዕቃ ጎደለ?»

«ዕቃው ሙሉ ነው። እሱ የሚያውቀውን ነው ያልተረከብኩት።»

«የኔ ልጅ፣ ካልፈረምሽ ቅጥርሽ አይጸናም። ተጠባባቂ አለ፤ ሌላ ይጠራል። አንጁሎም የመልቀቂያ ክሊራንስ አያገኝም።»

«ፈርሚ» አለ አንጁሎ። «የቸገረሽን በስልክ እነግርሻለሁ።»

«አንተ ዝም በል» አለችው። አራተኛውን በር በገዛ እጇ እየዘጋች እንደሆነ ታውቃለች። ትክክል መሆኗን ግን እርግጠኛ አልነበረችም።

ነገሩ ለቦርዱ ቀረበ። ከቦርዱ አባላት አንዱ የኅብረተሰቡ ተወካይ ጋሽ ጣንቱ ናቸው፤ ሸማኔ ናቸው፣ ብዙ አይናገሩም። ሁሉንም ሰምተው ሲያበቁ ጠየቁ።

«የዚህ ሰው ስምንት ዓመት የት ገባ?»

«ከምረቃ በፊት ስለሆነ አይቆጠርም፣ ጋሽ ጣንቱ» አሉ ወይዘሮ ብርዛፍ።

«ከሠርግ በፊት የተወለደ ልጅ፣ ልጅ አይደለም በይኛ።»

ሳቁ እስኪበርድ ጠበቁና ቀጠሉ። «መመሪያው ርክክብ በስንት ቀን ያልቃል ይላል?»

ወይዘሮ ብርዛፍ ገጹን ገለጡ፤ ደግመው ገለጡ። «ቀን አልተቀመጠለትም። ተረካቢው ሲያረጋግጥ ነው የሚለው።»

«እስኪያስረክብ ድረስ አስረካቢው ከሥራ ይወጣል?»

«አይወጣም።»

«እንግዲያው እሱ ያስረክብ፣ እሷም ትረከብ። ምን ያስቸኩለናል?»

ቦርዱም የሩሐማን ቅጥር አጸና። ርክክቡ አንድ ዓመት ከሁለት ወር ፈጀ። እሱ ግድግዳውንና ገመዱን አስተማራት፤ እሷ ደግሞ እሱ በልማድ ብቻ የሚያደርገውን ምክንያቱን እየነገረችው ወረቀት ላይ አሰፈረችው። ሳጥኑንም አብረው ከእንፋሎቱ አራቁት። በዚህ መሀል የአንጁሎ «ከምረቃ በኋላ» ሁለት ዓመት ሞላ፤ ሆስፒታሉም ሁለተኛ መደብ ሲከፍት ተወዳድሮ በቋሚነት ገባ።

ሩሐማ ቅጹን የፈረመችው በማግስቱ ነው። ወይዘሮ ብርዛፍ «አሁንስ ሁሉን ተረከብሽ?» ቢሏት «ግማሹን» አለች፤ አንጁሎ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዞረ። ምስክር ሆነው የተጠሩት ጋሽ ጣንቱ ሁለቱንም አየት አደረጉና «ልጆቼ፣ ወረቀት ያስጠራል፣ ሙያ ያኖራል» አሉ።