ከገደሉ አናት የተመነጠረው ደን

ሰው ሁሉ በየአጋጣሚው የሚያነሳት አንዲት አባባል አለች፤ ከየት እንደመጣች የሚጠይቅ ግን እምብዛም የለም። ነገሩን እናውቃለን የሚሉ ሰዎች ከአንድ አባት ናፍቆት ተወለደች ይላሉ።

ድሮ ጉንድማ በምትባል አገር፣ ወንዝ ዳር የቆመ ነጭ የጨው ገደል ነበር። ሰው ለወጡ፣ ከብት ለምላሱ ተስፋው እሱ ነው። ከደጋ፣ ከወይናደጋና ከቆላ የሚመጣ ሃምሳ ያህል አገር ገደሉን በተራ ይካፈላል። መውረጃው አንዲት ቀጭን መንገድ ብቻ በመሆኗ የሁሉም መንጋ ባንዴ አይገባም፤ እያንዳንዱ አገር በዓመት አንድ ሳምንት ይደርሰዋል። በገደሉ አናት ያለው የወይራና የጽድ ደን ደግሞ የማንም አይደለም። አይታረስም፣ አይቆረጥም። አያቶች «ገደሉን የያዘው ሥሩ ነው» ብለው ከልለውታል። የግድ ይቆረጥ ቢባል እንኳ የመጀመሪያውን መጥረቢያ የሚያሳርፈው የገደሉ ጠባቂ ነው፤ እሱ ካላሳረፈ ማንም እጁን አያነሳም።

ጠባቂው አንማው የሚባል፣ ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነበር። ያለችው አንዲት ልጅ የሻረግ ናት፤ እሷም የሦስት ቀን መንገድ ርቃ ቆላ ተድራለች። የባሏ ቤተሰቦች ምራታቸውን ያለ ጉዳይ መንገድ አይሰዱም። ወደ አባቷ የምትመጣው በታኅሣሥ፣ የባሏ አገር ተራ ደርሶ ከብቱ ጨው ሊልስ ሲወጣ፣ የእረኞቹን ስንቅ ልታዘጋጅ ነው። ሰባት ቀን። ከዚያ አንማው ዓመቱን ሙሉ የቆላውን መንገድ ሲያይ ይኖራል። የማንም መንጋ አቧራ ባስነሳ ቁጥር ብድግ ይላል። ሰው ይስቅበታል፤ እሱም አብሮ ይስቃል፣ ሆዱ ግን አይስቅም።

አንድ ዓመት ገብሱ ከዳ። የአገሩ ጭቃ ሹም መኮያ፣ አፈ ቅቤ የሚሉት ዓይነት ሰው፣ አንማው ደጅ መጣ።

«አያ አንማው፣ ያ ደን ድንግል መሬት ነው። እንመንጥረውና ገብስ እንዝራበት።»

«አያቶቻችን የከለከሉትን?»

«እነሱማ መሬት ሞልቷቸው ከለከሉ! ደግሞ ይስሙኝ፤ ደኑ ሲነሳ ሰፊ መውረጃ ይከፈታል። ሁለት አገር ባንዴ ይገባል። ቆለኞቹ በዓመት አንዴ መምጣታቸው ቀርቶ ሁለቴ ይመጣሉ።»

አንማው ወደ ቆላው መንገድ ዞረ። ሁለቴ። ዐሥራ አራት ቀን።

በማግስቱ አገር ተሰበሰበ። በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጡት መነኩሲት እማሆይ ትርፌ መቋሚያቸውን ተደግፈው፣ «አንማው፣ አንተ እሺ ካልክ ሁሉም እሺ ይላል። አስብበት» አሉት። አስቦበት ነበር፤ ክፋቱ ያሰበው ስለ ገደሉ አለመሆኑ ነው። መጥረቢያውን አነሳና ትልቁ ወይራ ላይ አሳረፈ። በሳምንቱ ደኑ ጉቶ ሆነ፤ ጉቶውም ማረሻ ይሰብራል ተብሎ ከነሥሩ ተነቀለ።

አይዋሽም፣ ገብሱ አማረ። የሻረግም በታኅሣሥ መጣች፣ በግንቦት ደገመች። «አባዬ፣ ሁለቴ ሳይዎት ዓመቱ አጠረልኝ» እያለች ራሱን ቅቤ ስትቀባው፣ አንማው ደጋግሞ መረቃት። ስትሄድም እንደ ወትሮው አልከፋውም፤ ታኅሣሥ ቅርብ መሰለው።

ክረምቱ ገባ። ሥር ያልያዘው መሬት ውሃውን ሁሉ ጠጥቶ ከበደ። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ጠዋት ምድር የተሰነጠቀች የሚያስመስል ድምፅ ተሰማና ገደሉ ከነአዝመራው ወንዙ ውስጥ ተናደ።

አገሩ መጀመሪያ ደነገጠ፤ ቀጥሎ ተደሰተ። ጨው እንደ ጠጠር ወንዝ ዳር ተበትኗላ! ቁፋሮ የለ፣ ተራ መጠበቅ የለ። ቁናውንና አቁማዳውን ይዞ እየተጋፋ ወረደ፤ ከብቱንም ለቀቀው፤ እየሳቀ ይልሳል፣ እየላሰ ይስቃል። ወንዙ ግን የተናደውን ጨው እያሟሟ፣ ነጭ ሆኖ ሽምጥ ይጋልባል። ከዳር የቀረችውንም ዝናቡ እያሟሟት ነው።

አንማው አፋፉ ላይ ተቀምጦ ይንሰቀሰቃል። እማሆይ ትርፌ አጠገቡ ቆመዋል። መኮያ አቁማዳውን ሞልቶ፣ ጣቱን እየላሰ ሲወጣ አገኛቸው።

«ምነው አያ አንማው! ይህ ሁሉ ሲሳይ ፈስሶ ለቅሶ? ማን ሞተብዎት?»

«የሻረግ ከእንግዲህ ምን ብላ ትመጣለች?» አለ አንማው። «ቆለኛ ጨው ወደሌለበት አገር ከብቱን ምን ሊያደርግ ይነዳል? ሁለቴ ልያት ብዬ፣ አንዴዋንም በገዛ እጄ ቆረጥኳት።»

መኮያ አልገባውም። ወደ እማሆይ ዞር ብሎ፣ «እኚህ ሰውዬ ጤናም የላቸው?» ሲል ጠየቀ።

እማሆይ ትርፌ ነጩን ወንዝ ቆም ብለው አዩት። ከዚያ የመኮያን ጣት አዩ።

«ጤናውስ ዛሬ ተመለሰለት፤ አንተ ግን ላስ ልጄ፤ የጨው ገደል ሲናድ ብልህ ያለቅሳል፣ ሞኝ ይልሳል።»